ሃያ አራተኛዋ ስፒል

ወንዝ የሌላት ከተማ፣ ዓሣ አላት በሰማይ፤
ከደመና በላይ ተኝቶ የሚውል፣ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ፀሐይ።
ልጆች ናቸው «ዓሣ» ያሉት፤ መሐንዲሶቹማ
ረጅም ስም ነበራቸው፣ ለምላስ የማይስማማ።
ገመዱ ከሐኪም ተራራ ተነስቶ፣
እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጉሙን በስቶ፣
ላይ የሞላውን ብርሃን ወደ ታች ያወርዳል፤
እኛን ዝናብ ሲመታን፣ እሱ ፀሐይ ይነግዳል።

እኔ ኡመርዲን ነኝ፣ የመኪና ግርግር ልጅ፤
ሲንጀሬ የአባቴ ናት፣ ጉልበቷ እግር፣ ዓይኗ እጅ።
መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ጩኸት ነው፣
ከሩቅ ሲሰሙት ገበያ፣ ከቅርብ ዝናብ የሚመስለው።
ዓሣው መጣና ጎረቤቴ ሁሉ
ፔዳሉን ነቅሎ ሞተር ተካ። «አንተስ?» አሉኝ፣ «ምነው?» አሉ።
«እግርህን አሳርፈው፤ ዘመኑ የጣት ነው!»
«እግሬ ካረፈ ያረጃል» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣
ዋጋው ነው የያዘኝ፣ ዋጋው።

ላይ ሳለ ማን ነክቶት! ለጥገና ሲወርድ፣
የነሐሴ በረዶ እንደ ሽፍታ አድብቶ ጠበቀው ከመንገድ።
ክንፉ ሥር ተተረተረ፣ ሦስት ክንድ ከስንዝር።
ያን ማታ ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር
ጨለመ።
ፍሪጁ፣ ፓምፑ፣ ወፍጮ ቤቱ ዝም።
መኪና ግርግርም፣
ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግርግር የለም።

ከአንዲት በቀር። ተከ ተከ ተከ . . . የሙሽራ ገናፊ ነበረብኝ፤
ኩራዝ አብርቼ ስሰፋ፣ ድምፁን ተከትላ አንዲት ልጅ መጣችብኝ።
ሲፈን ትባላለች፣ መሐንዲስ ናት፤ ጫማዋ ጭቃ፣
ፊቷ ላይ ሳቅ የለ፣ እንባ የለ፣ ደርቃ።
«አባባ፣ ጨርቅ አለን፣ ማጣበቂያ አለን።
መስፊያችን ግን መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ዓሣው ነው።»
ሳቄ መጣ። ፊቷን አየሁና መልሼ ዋጥኩት፤
ልጅ የታመመባት እናት ፊት ነው።

ጨርቁ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ትንፋሽ የሚያሸሸው፤
ሱቄ አልበቃው፣ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፣ ጎረቤት ወጥቶ ያዘው።
ሞተር የገዙት ሁሉ ተሰልፈው፣ ጫፉን በክንዳቸው፣
እንደ ሙሽራ ቀሚስ፣ መሬት እንዳይነካባቸው።
ኑሪያ ፋኖሷን፣ ዚያድ የሞባይሉን መብራት፤
አንድ ባጃጅ ነጂም ፊቱን አዞረልን፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅበት።

ቢስሚላሂ አልኩና እግሬን ፔዳሉ ላይ፤
ነዳሁ፣ ነዳሁ፣ ሳልቸኩል፣ ቀና ብዬም ሳላይ።
መጀመሪያ እጥፍ፣ ከዚያ ድርብ፤ ሲፈን ማጣበቂያ ቀብታ
በጣቷ ተከተለችኝ፣ ስፌት በስፌት፣ ረግታ።
የኤረር ሸለቆ ሲነጋ ጨረስን። ጉልበቴ ቅቤ ሆነ።
«ስንት ነው?» አለች።
የሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ ነገርኳት፤ ጎረቤት በእኔ አዘነ።

በሦስተኛው ቀን ዓሣው ወጣ፤ ገመዱ እየተተረተረ፣
ደመና ገብቶ ጠፋ። ፓምፑ አጓራ፤
መንገዴም ስሙን እንደገና ጀመረ።

«አሁንስ ሞተር ግዛ» ይሉኛል። እስቲ፣ ሲያልፍልኝ አያለሁ።
ሌላ ጭንቀት ነው ያለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለናንተ እነግራለሁ።
ያን ሌሊት ከደረቴ እየነቀልኩ ሃያ አራት ስፒል ሰካሁ፤
ሲነጋ ስቆጥር ሃያ ሦስት። ምንጣፉን ገለበጥኩ፣
በመንገዱ ድንጋይ ላይ እንደ ሕፃን ዳኸሁ።
የለችም።
ወይ ድንጋዩ ሥር ናት፣ ወይ . . . አልልም።

ቀን ቀን ሱሪ አሳጥራለሁ፤ እግሬ ይሄዳል፣ እጄ ይሄዳል፤
መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ግን
አንገቴ ወደ ላይ ይሄዳል።